ጭሱ ከሰማይ ይታያል፤ እሳቱ የሚጠፋው ግን በምድር ላይ ነው

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)





እንደሚታወቀው በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ብድር አመላለስና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይነገራል። ሊነገርም ይገባል። የዛሬው ርዕስ ግን ለአንዳንዶች እንግዳ ሊመስል ይችላል። ርዕሱ የሰደድ እሳትን ጭስና በነፋስ የሚነሣን አቧራ ከሳተላይት በሚገኝ ምስል ስለ መከታተል ነው። "ሳተላይት የሳይንቲስት ጉዳይ ነው፤ ለአርሶ አደር ምን ይረባዋል?" የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሳተላይቱ የሚያየው ጭስ የደን፣ የግጦሽ ሣርና የገለባ ጭስ ነው። የሚያየውም አቧራ ብዙ ጊዜ ጎርፍ አጥቦ ያወረደው፣ ነፋስ ያነሣው አፈር ነው። ደኑም፣ ገለባውም፣ አፈሩም የአርሶ አደሩ ሀብት ስለሆነ ጉዳዩ የአርሶ አደሩ የራሱ ጉዳይ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ዛሬ አንድ ሰው በአንድ ማሳ ላይ እሳት ሲለኩስ ያ እሳት በሰዓታት ውስጥ በኮምፒዩተር ካርታ ላይ እንደ ቀይ ነጥብ ሊወጣ ይችላል። ካርታውን በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ሰው በነጻ ያየዋል። ይህ ነጥብ ለአርሶ አደሩ ረዳት ይሆናል ወይስ ከሳሽ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመፈለጉ በፊት ሳተላይቱ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሳተላይት እንዴት ያያል?

ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉ ሳተላይቶች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የቆሙ ይመስላሉ። የአውሮፓው ሜቴኦሳት ከእነዚህ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ሰማይ የወጣው የሁለተኛው ትውልድ ሜቴኦሳት በየ15 ደቂቃው ምስል መላክ ችሏል። ሁለተኛዎቹ ከ700 እስከ 830 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ከዋልታ ወደ ዋልታ የሚዞሩ ናቸው። ቀረብ ስለሚሉ ዝርዝሩን አጥርተው ያያሉ። ይሁን እንጂ አንዱ ሳተላይት በአንድ ቀበሌ ላይ የሚያልፈው በአብዛኛው በቀን አንድ ጊዜ፣ በሌሊትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የቆመው ሳተላይት በተራራ ጫፍ ላይ እንደ ተቀመጠ ጠባቂ ነው፤ ሁልጊዜ ያያል፣ ነገር ግን ትንሹን ነገር አይለይም። የሚዞረው ሳተላይት ደግሞ በመስክ እንደሚመላለስ ጠባቂ ነው፤ ቀርቦ ያያል፣ ግን ካለፈ በኋላ የሚሆነውን አያውቅም። ባለሙያዎች ሁለቱን አጣምረው የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ እሳቱ እንምጣ። ምጣድ ሲግል ቀይ ሳይሆን ገና አጠገቡ የቆመች እናት ፊቷን ይሞቃታል። ዓይን የማያየው የሙቀት ጨረር አለ ማለት ነው። ሳተላይቱም ይህን ጨረር የሚለኩ መሣሪያዎች ተሸክሟል። ከአካባቢው መሬት በጣም የሚበልጥ ሙቀት ያለበትን ስፍራ ሲያገኝ "እዚህ እሳት ሳይኖር አይቀርም" ብሎ ምልክት ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1999 ወደ ሰማይ በወጣው ቴራ እና በ2002 በተከተለው አኳ ላይ የተጫነው ሞዲስ የተባለው መሣሪያ እሳትን የሚለየው ወርዱና ቁመቱ 1 ኪሎ ሜትር በሆነ ካሬ ነው። ከ2011 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ቪርስ የተባለው መሣሪያ ደግሞ ካሬውን ወደ 375 ሜትር አጥብቦታል። የእነዚህን መሣሪያዎች ውጤት የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ፊርምስ በሚባለው አገልግሎቱ አማካይነት፣ ሳተላይቱ ካለፈ በ3 ሰዓት ገደማ ውስጥ በካርታ ላይ ያወጣዋል።

ጭስና አቧራ የሚታዩት ግን በሌላ መንገድ ነው። በተራ ፎቶግራፍ ላይ ደመና ነጭ፣ ጭስ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ፣ አቧራ ደግሞ ቢጫማ ቡናማ ሆነው ይታያሉ። ጭስ ብዙ ጊዜ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ እንደ ጭራ እየሰፋ ይሄዳል፤ ምንጩም በዚያው ይታወቃል። አቧራ በአሸዋማ መሬት ላይ ሲሆን ግን ከመሬቱ ቀለም ጋር ስለሚመሳሰል ዓይንን ያታልላል። በዚህን ጊዜ ባለሙያዎች የተለያዩ የሙቀት ጨረሮችን በማወዳደር አቧራውን በኮምፒዩተር ደማቅ ሮዝ ቀለም ይሰጡታል፤ በቀንም በሌሊትም ይለያል። ሦስተኛው ዘዴ አልትራቫዮሌት የተባለውን የፀሐይ ጨረር መለካት ነው። ጭስና አቧራ ይህን ጨረር ስለሚውጡት ከደመና በላይ ቢሆኑ እንኳ ይታወቃሉ። ይህ ዓይነቱ ልኬት እ.ኤ.አ. በ1978 ኒምበስ 7 በተባለው ሳተላይት የተጀመረ ነው። አራተኛው ከላይ ወደ ታች የሌዘር ብርሃን በመላክ የጭሱን ከፍታ መለካት ነው። ካሊፕሶ የተባለው ሳተላይት ከ2006 እስከ 2023 ይህን ሲሠራ ቆይቷል፤ በ2024 የወጣው ኧርዝኬር ሥራውን ተረክቧል።

ሳተላይት የማያየው ምንድን ነው?

ይህ ክፍል በተለይ ለአመራር አካላት ጠቃሚ ነው። የመሣሪያውን ጉድለት ሳያውቁ በመሣሪያው መፍረድ ጉዳት አለውና።

አንደኛ፣ ነጥቡ ማሳ አይደለም። 375 ሜትር በ375 ሜትር የሆነ ካሬ ስፋቱ 14 ሄክታር ገደማ ነው። በብዙ የደጋ ቀበሌዎች የአንድ አባወራ ይዞታ 1 ሄክታር ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ በአንድ ነጥብ ውስጥ የ14 ወይም የ20 አባወራዎች ማሳ ሊያርፍ ይችላል። በሞዲስ ካሬ ከሆነ ደግሞ ስፋቱ 100 ሄክታር ነው። ቀዩ ነጥብ በካርታው ላይ የሚቀመጠው በካሬው መካከል እንጂ እሳቱ በነደደበት ቦታ ላይ አይደለም። ስለዚህ "ነጥቡ በእገሌ ማሳ ላይ ወጥቷል" ብሎ አንድን ሰው መቅጣት ፍርደ ገምድል መሆን ነው።

ሁለተኛ፣ ሙቀት ሁሉ የሰደድ እሳት አይደለም። በአፋር ያለው የኤርታሌ እሳተ ገሞራ ለብዙ ዓመታት በሳተላይት ሲታይ ኖሯል፤ ማንም አልለኮሰውም።

ሦስተኛ፣ ደመና ካለ እሳቱ ይሸፈናል። እሳቱ ትንሽ ከሆነ ወይም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በዝግታ የሚሄድ ከሆነም ሊታለፍ ይችላል።

አራተኛ፣ ሰዓት አለው። ቪርስን የተሸከሙት ሳተላይቶች የሚያልፉት ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩልና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የተነሣን እሳት እነዚህ ሳተላይቶች የሚያዩት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በዚያ ላይ መረጃው እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ሲጨመር ሊነጋ ይቃረባል። በበጋ፣ ነፋስ ባለበት፣ በደረቀ ሣር ውስጥ እሳት በዚህ ሁሉ ሰዓት የት እንደሚደርስ የአገር ሽማግሌዎች ያውቁታል።

አምስተኛ፣ ሳተላይቱ ከላይ እስከ ታች ያለውን አየር ደራርቦ ስለሚያይ ጭሱ በሰማይ ላይ ይሁን በሰው አፍንጫ ዘንድ ብቻውን መለየት ያስቸግረዋል። ጤናን በጣም የሚጎዳው ብናኝ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ 2.5 እጅ ወይም ከዚያ በታች የሆነው ነው። ይህ ከሰው ፀጉር ውፍረት ወደ ሠላሳኛው እጅ ይሆናል። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። መጠኑን በትክክል ለማወቅ በምድር ላይ የሚተከል መለኪያ ያስፈልጋል። በየጎጆው እናቶችና ሕፃናት የሚታፈኑበት የማዕድ ቤት ጭስም በሳተላይት ምስል ላይ ጨርሶ አይታይም። ከሰማይ አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም።

አቧራውስ ከየት ይመጣል?

አቧራ ከበረሃ ብቻ የሚነሣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ለዚህ ከኢትዮጵያ ብዙም ያልራቀ ምሳሌ አለ። የባርካ ወንዝ ከኤርትራ ደጋ ተነሥቶ ወደ ሱዳን ይወርዳል፤ በቀይ ባሕር ዳርቻ ቶከር በተባለው ስፍራ የተሸከመውን ደለል ያራግፋል። ደለሉ ሲደርቅ በተራሮች መካከል ባለው ክፍተት የሚያልፈው ብርቱ ነፋስ አንሥቶ ወደ ባሕሩ ይወስደዋል። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ በሳተላይት ምስል ላይ ከቶከር የሚወጣው አቧራ በቀይ ባሕር ላይ እንደ ተዘረጋ ቡናማ ነጠላ ሆኖ ይታያል። የጉዞውን መነሻ ልብ ማለት ያስፈልጋል። አፈሩ መጀመሪያ ከደጋ ተዳፋት በጎርፍ ታጠበ፤ ቀጥሎ ደለል ሆነ፤ በመጨረሻ አቧራ ሆኖ ባሕር ገባ። እርከን ባልተሠራበት ተዳፋት የሚጠፋ አፈር መጨረሻው ይህን ይመስላል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው የሰሐራ አቧራ ነው። በቻድ ውስጥ ቦዴሌ የተባለ ቆላ አለ። በጥንት ዘመን እጅግ ሰፊ የነበረው የቻድ ሐይቅ ወለል ነበር፤ ዛሬ ደርቆ በዓለም ላይ ካሉት ዋና ዋና የአቧራ ምንጮች አንዱ ሆኗል። የካሊፕሶን የ2007 እስከ 2013 መረጃ የመረመሩ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ከአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ በየዓመቱ በአማካይ 182 ሚሊዮን ቶን አቧራ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ እንደሚወጣ ገምተዋል። ከዚህ ውስጥ ወደ 28 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋው በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ደን ላይ ይወርዳል። በዚህ አቧራ ውስጥ 22 ሺህ ቶን ያህል ፎስፈረስ ይገኛል። ለማዳበሪያ ገንዘብ ቆጥሮ ለሚከፍል አርሶ አደር ይህ ቁጥር ትርጉሙ ግልጽ ነው። ከአንዱ አገር የተነሣ አፈር ውቅያኖስ ተሻግሮ የሌላውን ደን ያዳብራል። አማዞን ያለ ክፍያ ያገኘዋል፤ አፈሩ የሄደበት አገር ግን መልሶ አያገኘውም።

ጭስም እንዲሁ ድንበር አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2023 በካናዳ ከ15 ሚሊዮን ሄክታር የማያንስ ደን ሲቃጠል ጭሱ በሰኔ ወር መጀመሪያ ገደማ ኒውዮርክን ብርቱካናማ አደረጋት፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተንም በጭስ ታፍና ሰንብታለች። ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ በሳተላይት ስለታየ ሕዝቡ ከቤት እንዳይወጣ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል። ጭሱን ግን ያስቆመው አልነበረም። ማየት አንድ ነገር ነው፤ ማጥፋት ሌላ ነገር ነው።

ባሌና ቦረና፣ 1992 ዓ.ም.

ይህን ለመረዳት ወደ አገራችን መመለስ ይበቃል። በ1992 ዓ.ም. የበጋ ወራት፣ ድርቅ በጠናበት ጊዜ፣ በባሌና በቦረና ደኖች ላይ ከባድ እሳት ተነሣ። እሳቱ ከየካቲት እስከ መጋቢት መጨረሻ ዘልቆ በመቶ ሺህ ሄክታር የሚቆጠር ደን ጎዳ። ከተጎዳው ውስጥ የጫካ ቡና የሚበቅልበት ደን ይገኝበታል። አርሶ አደሮች፣ አርብቶ አደሮች፣ ወታደሮችና ተማሪዎች ቅጠልና አካፋ ይዘው ወጡ። ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጥተው አገዙ። በመጨረሻም የሰው ጥረትና የበልግ ዝናብ ተደጋግፈው እሳቱን አበረዱት።

በዚያው ወቅት አንድ የሚያስገርም ግጥጥሞሽ ነበር። በቴራ ሳተላይት ላይ ያለው የሞዲስ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከፍቶ ምድርን ማየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2000 ነው። ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 1992 ዓ.ም. ነው። አዲሱ የሰማይ ዓይን ሲከፈት የባሌ ደን ይቃጠል ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት የአየር ጠባይ ሳተላይቶችም ጭሱንና እሳቱን አሳይተዋል። በሰማይ በኩል ማስረጃ አልጠፋም ነበር። የጎደለው በምድር በኩል ነበር፤ እሳቱ ገና በእንጭጩ ሳለ የሚደርስ የተደራጀ ኃይል፣ መንገድ፣ መሣሪያና ፈጣን የመልእክት ልውውጥ።

ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እሳት ሲነሣም የአካባቢው ሕዝብ ገደል እየወረደ ነው የታገለው። ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያዎችም ከእስራኤል መጡ። የመጡት ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ከውጭ የሚመጣ እርዳታ ቀናት ይፈጅበታል፤ ደረቅ ጓሳና አስታ ደግሞ ቀን አይሰጥም። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

የፑንጃብ አርሶ አደሮች ትምህርት

ሳተላይቱ ለአርሶ አደሩ ረዳት ነው ወይስ ከሳሽ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የታየው በሕንድ፣ በፑንጃብ ክፍለ ግዛት ነው። የፑንጃብ አርሶ አደሮች በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታሉ፤ በክረምቱ ዝናብ ሩዝ፣ በበጋው ስንዴ። የከርሰ ምድር ውኃ እያለቀ ስለመጣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሕግ የሩዝ ተከላ እንዲዘገይ አዘዘ። ተከላው ሲዘገይ አጨዳውም ዘገየ። ሩዙ ታጭዶ ስንዴ እስኪዘራ የቀረው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ሆነ። ኮምባይነር ደግሞ እሸቱን ቆርጦ አገዳውን እንደቆመ ትቶት ይሄዳል። ጊዜ ያጣ፣ ሠራተኛ መቅጠር የከበደው አርሶ አደር በርካሹ መንገድ ሄደ፤ ክብሪት ጫረ።

በየዓመቱ በጥቅምትና በኅዳር ይህ ጭስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ዋና ከተማዋን ዴልሂን ያፍናል። በከተማዋ የመኪና፣ የፋብሪካና የግንባታ ብናኝም ስላለ ጥፋቱ የአርሶ አደሩ ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ ከሳተላይት የሚታየው ቀይ ነጥብ የአርሶ አደሩ ስለነበረ ጣት የተቀሰረው ወደ እርሱ ነው። መንግሥት ነጥቦቹን እየቆጠረ መቅጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ቅጣቱ በእጥፍ አድጎ ከ5 ኤከር በላይ መሬት ላለው 30 ሺህ ሩፒ ደረሰ።

ውጤቱ ምን ሆነ? በፑንጃብ የተቆጠሩት የእሳት ነጥቦች በ2022 ከነበሩበት 49,922 በ2024 ወደ 10,909 ወረዱ። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ታላቅ ድል ነው። ነገር ግን ሒረን ጄትቫ የተባለ የናሳ ተመራማሪ ሌላ ነገር አስተዋለ። ነጥቡ ሲቀንስ ጭሱ በዚያው ልክ አልቀነሰም። በየ10 ደቂቃው ምስል የሚልከው የደቡብ ኮሪያ ሳተላይት ሲመረመር የእሳቱ ሰዓት መለወጡ ታየ። ቀድሞ ቀትር ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ይነድ የነበረው ወደ አመሻሹ ተሻግሯል። ከቀትር በኋላ የሚያልፉት ሳተላይቶች ከሄዱ በኋላ ማለት ነው። አርሶ አደሩ ሳተላይቱ የሚያልፍበትን ሰዓት ተምሮ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለአመራሩም ለአባሉም ነው። መረጃ እንደ ዱላ ሲያዝ ሰው ከመረጃው ይሸሸጋል። የሚሸሸግ ሰው ደግሞ እሳት ሲያመልጠው ጎረቤቱን አይጠራም፤ ለቀበሌም አይደውልም። ቅጣትን የፈራ ሰው ዝም ሲል እሳቱ ዝም አይልም።

የሕንድ መንግሥት በሌላ በኩል የሠራው ሥራ ግን ሊጠና የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በጀመረው ፕሮግራም ገለባውን ሳያቃጥሉ ስንዴ የሚዘሩ፣ ገለባ የሚከትፉና የሚያስሩ ማሽኖች እንዲገዙ ድጎማ መድቧል። ለግለሰብ አርሶ አደር የዋጋውን 50 በመቶ፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለአርሶ አደር ቡድኖች ግን 80 በመቶ ይሸፍናል። ልዩነቱ የተደረገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ብቻ የሚያገለግልን ማሽን አንድ ትንሽ አርሶ አደር ገዝቶ ሊያዋጣው አይችልም፤ ማኅበር ግን ገዝቶ በተራ ያሠራዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለአንበሳ ብቻ ሳይሆን ለማሽንም ይሠራል።

ማሽኑ የሚያድነውም ገንዘብ ነው። 1 ቶን የሩዝ ገለባ ሲቃጠል 5.5 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን፣ 2.3 ኪሎ ግራም ፎስፈረስ፣ 25 ኪሎ ግራም ፖታሲየምና 1.2 ኪሎ ግራም ሰልፈር እንደሚባክን የሕንድ የግብርና ባለሙያዎች ይገምታሉ። ገለባ የሚያቃጥል ሰው ነገ ከማኅበሩ መጋዘን በብድር የሚወስደውን ማዳበሪያ ዛሬ በጭስ መልክ ይሸኘዋል።

ከዚህ ሁሉ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ምን ይወሰዳል?

በአገራችን የጤፍም ሆነ የስንዴ ገለባ መኖ፣ የቤት ምርጊትና የገቢ ምንጭ ስለሆነ እንደ ፑንጃብ በጅምላ አይቃጠልም። ይሁን እንጂ በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ኮምባይነር ከገባ ቆይቷል፤ ወደ ሌሎችም አካባቢዎች እየተስፋፋ ነው። ኮምባይነር በሄደበት የቆመ አገዳ ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል። በሌላ በኩል በምዕራቡ ቆላ፣ በጋምቤላና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በየዓመቱ ከኅዳር ጀምሮ ሣር ስለሚቃጠል የሳተላይት ካርታው በቀይ ነጥብ ይሞላል። ለምንጣሮ፣ ለግጦሽ ማደሻና ለማር ቆረጣ የሚለኮስ እሳትም አለ። እሳት ለአርሶ አደሩ የሥራ መሣሪያ ሆኖ የኖረ ነው። ችግሩ መሣሪያው ከእጅ ሲያመልጥ ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች ለውይይት ቀርበዋል።

1ኛ፣ ነጥቡ የክስ ማመልከቻ ሳይሆን ጥያቄ ይሁን። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ኢንተርኔት ካለ በበጋ ወራት የእሳቱን ካርታ በየቀኑ ማየት ወጪ አይጠይቅም። ነጥብ ሲታይ የመጀመሪያው እርምጃ ለቀበሌውና ለማኅበሩ ደውሎ "ምን አለ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ቦታው ላይ ቆሞ ያየ ሰው ሳይመሰክር በማንም ላይ መወሰን አይገባም።

2ኛ፣ የሚያቃጥል ሰው አስቀድሞ ያሳውቅ። ማቃጠል ግድ የሆነበት አባል ቀኑንና ቦታውን ለማኅበሩ ተናግሮ፣ ጎረቤቶቹን ይዞ፣ ዙሪያውን መንጥሮና ነፋስ በሌለበት ጠዋት ቢያደርገው አደጋው ይቀንሳል። ሳተላይቱን ለመሸሽ ወደ ማምሻ የተገፋ እሳት ግን ፍሙ ሳይጠፋ ሌሊት ያገኘዋል። ሌሊት ነፋስ ቢነሣ ማንም አያየውም።

3ኛ፣ የደወሉ ሰንሰለት ይታወቅ። በየጎጡ መጀመሪያ ጭስ የሚያይ እረኛ ወይም የደን ጠባቂ ለማን እንደሚናገር፣ ያም ለማን እንደሚደውል፣ አካፋና መጥረቢያ የት እንደሚቀመጥ ከበጋ በፊት መወሰን አለበት። ሳተላይቱ በሌለባቸው ሰዓታት ያለው ዓይን የእረኛው ዓይን ብቻ ነው።

4ኛ፣ ማሽን በጋራ ይገዛ። ዩኒየኑ የገለባ ማሰሪያና መክተፊያ በጋራ የሚገዛበትንና ለመሠረታዊ ማኅበራት በተራ የሚያከራይበትን መንገድ ቢያጠና፣ ገለባው መኖና ብስባሽ ሆኖ ለአባሉ ገቢ ያስገኛል።

5ኛ፣ እርከኑ ይጠበቅ። በባሕር ላይ የሚታየውን አቧራ በባሕር ላይ ማስቆም አይቻልም። የሚቆመው አፈሩ ገና ከተዳፋቱ ሳይነሣ ነው።

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፤

ሳተላይት ትልቅ ሥራ ነው። ኢትዮጵያም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ የመሬት ምልከታ ሳተላይቷን ከቻይና ምድር ወደ ሰማይ ልካ፣ መረጃዋን በእንጦጦ መቀበል ችላለች። ወደፊትም ዕውቀቱ እየቀረበ፣ ምስሉም እየጠራ ይሄዳል። ነገር ግን ምስሉ ምንም ያህል ቢጠራ ሳተላይት ውኃ አይቀዳም፣ ቅጠል አይዝም፣ ጎረቤት አይጠራም። በ1992 ዓ.ም. ከሰማይ ታይቶ በምድር የተቃጠለው ደን ለዚህ ምስክር ነው። ነጥቡን ያዩት በቅጣት ሲይዙት አርሶ አደሩ እንደሚሸሸግ ደግሞ ፑንጃብ ምስክር ነው።

እንግዲህ ከሰማይ የሚመጣውን ወሬ የሚቀበል፣ በምድር ያለውን እውነት የሚያረጋግጥና በአንድነት የሚነሣ አካል ያስፈልጋል። ያ አካል በየቀበሌው አለ፤ ስሙም የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው።